ኮስታ ሪካ ላይ ግራ ሲገባችሁ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

አድራሻው የቤት ቁጥር የለውም። ሆቴሉ የላከላችሁ መልእክት «ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ሰሜን» ይላል። ማንም አልሸወዳችሁም፤ አገሬው አድራሻ የሚናገረው እንዲህ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያሳስተው ሜትሩ ነው። እዚያ «100 ሜትር» ማለት ከአንዱ መስቀለኛ መንገድ እስከ ቀጣዩ ድረስ ነው፤ በልክ ሲታይ 70ም ይሁን 130። ስለዚህ 200 ከተባላችሁ ሁለት መስቀለኛ ቁጠሩ። አንዳንዴ ደግሞ ምልክቱ ራሱ በቦታው የለም። ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ አጠገብ፣ ሳን ፔድሮ ውስጥ ሰው እስካሁን አቅጣጫ የሚጠቁመው ድሮ በነበረ አንድ ትልቅ የሾላ ዘር ዛፍ ነው። ከሆቴሉ ሎኬሽን በዋትስአፕ አስልኩ፤ ዌዝ (Waze) የሚባለውን መንገድ የሚመራ አፕም ጫኑ።

ሻወሩ አይሞቅም። ርካሽ ማረፊያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ቦይለር የለም፤ ውሃውን የሚያሞቀው ሻወሩ አናት ላይ የተገጠመ ኤሌክትሪክ ነው። ሰው ሲበርደው ቧንቧውን ይበልጥ ይከፍታል፤ ያኔ ይብስበታል፤ ውሃው በብዛት ሲያልፍ ለመሞቅ ጊዜ አያገኝምና። ቀስ እያላችሁ ቀንሱት። ውሃ እየፈሰሰባችሁ ግን ማሞቂያውንና ሽቦውን አደራ እንዳትነኩ።

ቻርጀሩ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ከአሜሪካ ለሚሄድ ችግር የለም፤ ሶኬቱ አንድ ዓይነት ነው፣ 120 ቮልት። ከኢትዮጵያ ወይም ከአውሮፓ ከሆነ አዳፕተር ያዙ። ቻርጀሩ ላይ «100-240» ከተጻፈ ይበቃል። የ220 ቮልት ካውያ ግን ቢሰካም በቅጡ ስለማይግል ቤት ተዉት።

የኪራይ መኪናው ዋጋ ቢሮው ስትደርሱ እጥፍ ሆነ። በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለው ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ ብዙ የቡኪንግ ድረ ገጾች ግን አይደምሩትም። ከመሄዳችሁ በፊት ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ።

በጾም በስፓኒሽ «ሲን ካርኔ»፣ ማለትም ያለ ሥጋ፣ ብላችሁ አዝዛችሁ ዶሮ መጣ። ለብዙ አስተናጋጅ «ካርኔ» የከብት ሥጋ ነው። ሁሉንም በስም ጥሩ፦ ሲን ፖዮ (ዶሮ)፣ ሲን ኬሶ (አይብ)፣ ሲን ኡዌቮ (እንቁላል)፣ ሲን ናቲያ (ክሬም)። ጋዮ ፒንቶ የሚሉት ሩዝና ቦሎቄያቸው ለጾመኛ ይመቻል፤ አንዳንድ ቤት ግን በአሳማ ስብ ስለሚጠብሱት «ሲን ማንቴካ» በሉ።

ማኑኤል አንቶኒዮ ፓርክ በር ላይ ተመለሳችሁ? ማክሰኞ ዝግ ነው። ትኬቱም አስቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ባሕሩ ነው። ዋና እየቻላችሁ ወደ ዳር መጠጋት ካቃታችሁ፣ ማዕበሉ ያመጣው ውሃ በጠባብ መስመር ሲመለስ ይዟችሁ እየሄደ ነው። ፊት ለፊት አትታገሉት፣ ጉልበት ይጨርሳል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ ጉተታው ሲለቃችሁ ወደ ዳር ታጠፉ። ዋና የማትችሉ ከጉልበት በላይ አትግቡ። ሰው ሲሰጥም ካያችሁ ተከትላችሁ አትዝለሉ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለትና 911 ደውሉ።