ዛንዚባር ጠልቆ ቦሌ መውጣት፦ የአዲስ አበባ ጠላቂዎች ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ አንድ የማውቀው ልጅ መጣና ስልኩን ከፈተልኝ። ዛንዚባር፣ ምኔምባ ደሴት አጠገብ፣ ከባሕር ኤሊ ጎን ሆኖ የተነሳው ፎቶ ነው። ደስ አለኝ። «ጠዋት ሁለቴ ዳይቭ አድርጌ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ!» ሲለኝ ግን ማኪያቶው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ዘንድሮ ይህን በኩራት ሲነግረኝ እሱ አራተኛው ነው።

ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

ጠልቆ ቶሎ መብረር። ጠላቂ ጀርባው ላይ የሚያዝለው ታንክ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ተራ አየር ነው፤ አብዛኛው ናይትሮጅን። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ናይትሮጅኑም ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይገባል። ከወጣችሁ በኋላ በትንፋሽ ቀስ እያለ ይለቃል። ይሄ ሰዓታት ይፈጃል። ሳይለቅ ግፊት ወደሚያንስበት ከፍታ ከወጣችሁ፣ የለስላሳ ክዳን ሲከፈት የምታዩት ነገር ሰውነታችሁ ውስጥ ይሆናል። አረፋ። መገጣጠሚያ ላይ ሕመም ነው። ሕብለ ሰረሰር ላይ ከሆነ ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

የተለመደው መመሪያ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ወይም ለተከታታይ ቀናት ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሩ ቆዩ። እኔ ለአዲስ አበባ ልጅ 24 ነው የምለው። ለምን? አብዛኛው ሌላ ሰው በርሮ የሚያርፈው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ ግፊቱ ይመለስለታል። እኛ የምናርፈው 2,300 ሜትር ላይ ነው። በቦይንግ 787 ከመጣችሁማ ነገሩ ይገለበጣል፤ የዚያ አውሮፕላን ውስጡ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። ቦሌ ላይ በሩ ሲከፈት የምትገቡበት አየር በጉዞው ሁሉ ስትተነፍሱት ከቆያችሁት የሳሳ ነው ማለት ነው። አውሮፕላኑ አረፈ፣ እናንተ ግን ገና እየወጣችሁ ነው!

በማግስቱ ደግሞ ጓደኛ ይደውልና «እንጦጦ ፓርክ እንውጣ» ይላል። ከ3,000 ሜትር በላይ። ይቅርባችሁ፣ ሁለት ቀን ቤት ተኙ።

የሰዓቱ ነገርም አለ። አንዷ እህታችን ዳይቯን የጨረሰችው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ቲኬቷ 5:00 ይላል። ከጠዋቱ 5 ሰዓት መስሏት 20 ሰዓት አለኝ ብላ ተረጋግታ ተኛች። የቲኬት ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ 11። የቀራት 14 ሰዓት ብቻ ነበር። ደግነቱ አውሮፕላኑ አመለጣት። የቲኬት ለውጥ ከፍላ ስታለቅስ እኔ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

እኔም ከእናንተ አልሻልም። ጀማሪ ሳለሁ በዐሥር ሰዓት ውስጥ በርሬ መጣሁ። በማግስቱ ግራ ክርኔን ከውስጥ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ሻንጣ ስጎትት ነው ብዬ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፤ ቅቤ ቀብቶ አሸኝ፣ ምንም። ከዚያ ክሊኒክ ሄድኩና የቁርጥማት መድኃኒት ተሰጠኝ። ዳይቭ አድርጌ ነበር ብሎ መናገር ትዝ አላለኝም እኮ! በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ፤ ዕድል ነው። ከጠለቃችሁ በኋላ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ያልተለመደ ድካም ከመጣ መጀመሪያ የምትናገሩት ዳይቭ ማድረጋችሁን ይሁን። የመጀመሪያ እርዳታው ንጹህ ኦክስጅን ነው፤ ዋናው ሕክምና ደግሞ በግፊት ክፍል፣ ማለትም የአየሩ ግፊት ከፍ በሚደረግበት ዝግ ክፍል ውስጥ ይሰጣል። ማሸት አይደለም። የግፊት ክፍል ሕክምናን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳትይዙም አትሂዱ።

ትንፋሽ መያዝ። ይሄ ይገድላል፤ ማብራሪያው ግን አጭር ነው። 10 ሜትር ላይ ያለ አንድ ሳንባ ሙሉ አየር ላይኛው ውሃ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። አየሩ መውጫ ካጣ ሳንባ ይቀደዳል። ሁለት ሜትር እንኳ ይበቃል። ሁሌ ተንፍሱ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሙ።

ጆሮ እስኪያምም መጠበቅ። አፍንጫችሁን ይዛችሁ በቀስታ መንፋት የምትጀምሩት ገና ጭንቅላታችሁ ውሃ ሲገባ ነው። ካመማችሁ ዘግይታችኋል፤ ትንሽ ወደ ላይ ተመለሱ። የክረምት ጉንፋን ይዟችሁ ከሆነ አትግቡ። «የአፍንጫ ጠብታ አድርጌያለሁ» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል። ጠብታው ታች እያላችሁ ኃይሉ ካለቀ፣ ስትወጡ አየሩ መውጫ ያጣል።

ሳይዋኙ መሄድ። የከተማችን ሆቴሎች ገንዳ አላቸው፤ የሂልተኑ ውሃ እንዲያውም ከመሬት የሚወጣ ፍልውሃ ነው። ሁለት ወር ዋኙ። እዚያው ደሴት ላይ እለምደዋለሁ ለምትሉ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገንዳ ውስጥ ያጠለቃችሁ የእርሳስ ክብደት ግን ባሕር ላይ አይበቃችሁም፤ ጨው ያንሳፍፋል።

ወቅት አለማየት። ለፋሲካ ዛንዚባር የሚሄድ ብዙ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ እዚያ የዋናው ዝናብ ጊዜ ነው፤ ውሃው ይደፈርሳል። ማልዲቭስ ሃኒፋሩ ላይ ማንታ ከሚባለው ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ጋር እጠልቃለሁ ብሎ የሚያልምም አለ፤ እዚያ በታንክ መጥለቅ ክልክል ነው፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ብቻ ነው የሚታየው።

መንካት። ኮራል ድንጋይ አይደለም፣ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። አንድ የፊን (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ) ምት የስንት ዓመት እድገት ይሰብራል። በ1998 እ.ኤ.አ. ባሕሩ ሲሞቅ በሲሼልስና በማልዲቭስ እጅግ ብዙው ኮራል ነጥቶ ሞቷል፤ የተረፈው ላይ ደግሞ እኛ አንቁም። ለራሳችሁም ስትሉ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ድንጋይ የመሰላችሁ ነገር ስቶንፊሽ የሚባለው መርዛማ እሾህ ያለው ዓሣ ሊሆን ይችላል። ከወጋችሁ ቁስሉን በምትችሉት ያህል ሙቅ፣ ግን በማያቃጥል ውሃ ዘፍዝፉና ሐኪም ጋ ሩጡ።

ሻርክ ሻርክ ትላላችሁ እንጂ እኔን ያሯሯጠኝ ታይታን ትሪገርፊሽ የሚባል ዓሣ ነው። ጎጆው ላይ እንቁላል ሲጠብቅ እብድ ነው፤ ፊኔን ነክሶ አስቀርቶታል። ሰው ሲደነግጥ ወደ ላይ ይሸሻል። የዚህ ዓሣ ግዛት ግን ከታች ጠባብ ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ ነው የሚሄደው፤ ወደ ላይ ስትሸሹ ያው እቤቱ ናችሁ። ወደ ጎን ዋኙ።

አዲስ ማስክ ሳያጥቡ መጠቀም። ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት አለበት፤ ጉም ይለብስባችሁና ለኤሊው ፎቶ ብላችሁ የከፈላችሁት ገንዘብ ይቀልጣል። መስታወቱን ከውስጥ በጥርስ ሳሙና ደጋግማችሁ እሹት። እናቴ የጥርስ ሳሙናዋ የት እንደሚገባ እስከዛሬ አላወቀችም።