ለትልልቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስታመለክቱ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሠፈር ልጆችን ማመልከቻ ማየት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ብዙዎቹን የሚጎዳቸው ውጤት አይደለም፤ የራሳቸውን ሕይወት እንደ ተራ ነገር መቁጠራቸው ነው።

የቤት ውስጥ ሥራን መደበቅ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት፣ ኮመን አፕ በሚባለው የኦንላይን ማመልከቻ ላይ ከክፍል ውጪ የምትሠሩትን የምትሞሉባቸው 10 ቦታዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ የሚፈቀደው 150 ፊደል ብቻ ነው። አንዲት ልጅ ግማሹን በአንድ ቀን ሥልጠና ሰርተፊኬት ሞልታ መጣች።

«ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም።»

ቆይቶ ነው የወጣው። እናቷ ጉልት ስለምትውል ታናናሾቿን አብልታ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ውሃ ሌሊት ሲመጣ ተነስታ ጀሪካን የምትሞላው፣ ማታ የጉልቱን ሂሳብ የምትይዘውም እሷ። ፎርሙ ላይ ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል ምድብ ራሱን ችሎ አለ! ሰርተፊኬቶቹን አውጥተን ይህን አስገባን። በሳምንት የሚወስድባትን ሰዓት ስንደምር 20 አለፈ፤ ራሷም ደነገጠች። መዛኞቹ ልጅን የሚያዩት ካደገበት ቦታና ካገኘው ዕድል ጋር ነው፤ ካልነገራችኋቸው ግን ከየት ያውቁታል?

ኤሴይን ማሳመር። ለዋናው ኤሴይ፣ ማለትም ስለራሳችሁ ለምትጽፉት ድርሰት፣ ቢበዛ 650 ቃል ነው ያለው። በታላቅ ሰው ጥቅስ ከጀመራችሁ አንዱን መስመር በነጻ ሰጣችሁ።

የባለሥልጣን ደብዳቤ። ዘመድ ያለው ሁሉ ማኅተም ያለበት የምስክርነት ወረቀት ያመጣል። የማያውቃችሁ ሰው «ጎበዝ ልጅ ነው» ከማለት ሌላ ምን ሊጽፍ? የፊዚክስ መምህራችሁ ግን ፈተና ላይ ያረማችሁትን የእሱን ስህተት ያስታውሳል።

«ፈተና ቀርቷል» የሚለው ወሬ። በኮቪድ ጊዜ ብዙዎቹ ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ግዴታ ማድረጉን ትተው ነበር። ኤምአይቲ በፈረንጆቹ 2022፣ ዳርትማውዝና ሃርቫርድ በ2024 መልሰው እንደሚጠይቁ አስታውቀዋል።

ገንዘብ እንዳላችሁ ማስመሰል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ዳርትማውዝ የውጭ አገር ተማሪ ድጋፍ ስለጠየቀ ዕድሉን አይቀንሱበትም። ሌሎች ብዙዎቹ ግን አቅምን ያያሉ። ቢሆንም «እከፍላለሁ» ብሎ ገብቶ ኋላ ድጋፍ መለመን አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም።

ደላላ። «አስገባሃለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅ በር አትክፈቱ። የማመልከቻ ክፍያው እንኳ አቅም ለሌለው እንዲታለፍለት ይጠየቃል፤ ጥያቄው እዚያው ማመልከቻው ላይ ነው።

ሰዓት። ብዙዎቹ የሚዘጉት ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ታኅሣሥ 23 አካባቢ፣ በ11፡59 ነው። ይህ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 5፡59። አንድ ልጅ «እስከ ንጋት ጊዜ አለኝ» ብሎ ተኛ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስልኩን በጎረቤት ፓወር ባንክ ሞልቶ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዳታ ከፈተ። ተዘግቷል።