ከስድስት ዓመት ልጅ ጋር እንዴት ውል እንደሚገባ

«ዋስ ጥሪ» አለኝ ልጄ። ስድስት ዓመቱ ነው። የምንኖረው ደብረ ማርቆስ፣ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ለሽምግልና ሲቀመጡ አጠገባቸው ሆኖ ስለሚያዳምጥ ዋስ፣ ምስክርና ይግባኝ የሚሉትን ቃላት ከፊደል አስቀድሞ ለምዷል። ያን ምሽት በሰዓቱ ከተኛ ቅዳሜ ገበያ ወስጄ ሸንኮራ አገዳ እንደምገዛለት ነግሬው ነበር። የእናቱ ቃል ብቻውን ያልበቃው በእኔ ጥፋት መሆኑን ስለማውቅ አልተቆጣሁም። እስካሁን የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ድርድር የሌለባቸውን ነገሮች ለዩ። በእኛ ቤት አራት ናቸው፦ እሳት፣ የመኪና መንገድ፣ መድኃኒትና ሰው መምታት። በእነዚህ «እሺ፣ ለዛሬ ብቻ» አይባልም። የቀረው ሁሉ ለንግግር ክፍት ነው። ጎረቤቶቼ «ልጅሽ አፈኛ ሆነ፣ ቆንጥጪው» ይሉኛል፤ አልቀበለውም። ለምን ብሎ የሚከራከር ልጅ ስለ ደንቡ እያሰበ ነው፤ ቆንጥጠው ዝም ያሰኙት ልጅ የሚያስበው ስለ ቁንጥጫው ነው።

ጊዜ ምረጡ። ርቦት፣ እንቅልፍ መጥቶበት ወይም ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ውል አይገባም። ከቤተሰቡም ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ የከለከልኩትን አባቴ አይፈቅዱለትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቃሉን መለካት ነው፤ ብዙ የደከምኩትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ማታ «እግርህን ታጠብ፣ ተረት እነግርሃለሁ» አልኩት። ቀኝ እግሩን ብቻ ታጥቦ መጣ። «ግራውስ?» ስለው «እግርህን አልሽ እንጂ እግሮችህን አላልሽም» አለኝ። ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር፣ የቅኔ ተማሪ አንዲትን ቃል ለሰምም ለወርቅም ሲያገላብጣት በሚያድርበት ምድር፣ ልጅ ቃል ቢሰነጥቅ አይገርምም። ተረቱን ነገርኩት፤ ውሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝና።

አሁን የምጠይቀው እሱ ራሱ አይቶ የሚፈርደውን ነገር ብቻ ነው። «በደንብ ብላ» አልልም፤ «ከፊትህ ያለው እንጀራ እስኪያልቅ» እላለሁ። «ትንሽ ቴሌቪዥን» አልልም፤ «አንድ ዝግጅት፣ ሲያልቅ አንተው ትዘጋዋለህ» እላለሁ። ሰዓት ማንበብ ለማይችል ልጅ ግማሽ ሰዓት ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከዚያ ውሉን በራሱ አፍ እንዲደግምልኝ አደርጋለሁ። ሲደግመው እኔ ያላየሁት ቀዳዳ ብቅ ይላል።

የመጀመሪያው ዋጋ ደግሞ እውነተኛው ዋጋ ይሁን። ይህን ያስተማረኝ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። መልሱ ሲጠፋኝ «አገር ስጪኝ» ይላል፤ ደጀንን ብሰጠው እምቢ፣ ቡሬን ብሰጠው እምቢ፣ ባሕር ዳር ላይ ስደርስ ብቻ ይቀበላል። በጨዋታ ያምራል። በቤት ደንብ ግን እምቢ ባለ ቁጥር ከጨመርኩለት፣ እምቢታ ዋጋ እንደሚያስጨምር አስተማርኩት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ምክንያቱ ካሳመነኝ እለውጣለሁ፣ ካላሳመነኝ ያው ነው። ለቅሶ ምክንያት አይደለም።

ሽልማቱ ትንሽና ቅርብ ይሁን። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ውሉን በፈጸመ ቁጥር ኮከብ የሚሣልበት ሰንጠረዥ ሞክሬ ተውኩት፤ በብርጭቆ ባቄላ ማጠራቀም ይሻላል፣ ልጅ በእጁ ጨብጦ ይቆጥረዋልና። ስልክ ለሽልማት አትስጡ፤ መልሶ መቀበሉ ሌላ ጠብ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ገንዘብ ነው። ልጄ ጎረቤት ለቡና መጥራት ይወድ ነበር፤ ጀበና ሲጣድ ካየ ሳልልከው እየሮጠ «ቡና ጠጡ» ይላል። አንድ ቀን ደስ ብሎኝ 5 ብር ሰጠሁት፤ በማግስቱም ደገምኩት። በሳምንቱ «ስንት ትሰጪኛለሽ?» አለኝ። ብሩ ሲቀር መጥራቱም ቀረ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን ጥናት ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው፦ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሣሉ በኋላ፣ ያለ ሽልማት ሲተዉ ወደ ሥዕሉ የሚሄዱት ሽልማት ቃል ካልተገባላቸው ሕፃናት ባነሰ ነበር። የልጄን ፍላጎት ለመመለስ ለብዙ ጊዜ እጁን ይዤ አብሬው እየዞርኩ ጠርቻለሁ። ልጃችሁ በደስታ የሚሠራውን አትክፈሉበት፤ አመስግኑት።

ዋስ ያስጠራኝን ጥፋት አልነገርኳችሁም። «ፊደል ከለየህ ጢስ ዓባይን አሳይሃለሁ» ብዬው ነበር። ለየ። ከእኛ እስከ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ፏፏቴው ደግሞ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ገንዘቡ አልሞላ ብሎኝ «በሚቀጥለው ወር» እያልኩ ዓመቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ «መጀመሪያ ስጪኝ፣ ከዚያ እሠራለሁ» ማለት ጀመረ። ስግብግብ ሆነ ብዬ አዝኜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ከታገሡ ሁለተኛ ጣፋጭ እንደሚሰጣቸው የተነገራቸው ሕፃናት፣ ቃሉን ጠብቆ ያዩትን ሰው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲጠብቁ፣ ቃሉን ያጠፈውን የጠበቁት 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ልጄም ያደረገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ የማትፈጽሙትን አትናገሩ፤ ካልቻላችሁም ቀኑ ሳይደርስ ንገሩት፣ ምትኩንም ከእሱ ጋር ተስማሙ።

ያን ምሽት አባቴን ጠራኋቸው። «ዋስ ነኝ፤ እሷ ብታስቀር እኔ እገዛልሃለሁ» አሉት፤ ተኛ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ጃንጥላ ይዘን ወጣን፣ አገዳውን ገዛን። ለጢስ ዓባዩ ጉዞ በየሳምንቱ ከባቄላው ጎን ባለው ጣሳ ብር እጥላለሁ፤ የሚቆጥረው እሱ ነው።