ከፋሲል ግቢ ወደ አግራ፦ የህንድን ነገሥታት ታሪክ በሥዕል መጽሐፍ ለልጆች ማስጀመር

ለልጃችሁ የህንድን ነገሥታት ታሪክ ማስተዋወቅ ካሰባችሁ ከህንድ አትጀምሩ። ከፋሲል ግቢ ጀምሩ። የጎንደር ልጅ ቤተ መንግሥት ምን እንደሚመስል ነጋሪ አያስፈልገውም፣ ግንቡን እያየ ነው ያደገው። አፄ ፋሲል የነገሡት በ1624 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1632። በዚያው በ1632 አግራ በምትባል የህንድ ከተማ ሻህ ጃሃን የሚባል ንጉሥ በወሊድ ለሞተችበት ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል መቃብር ማሠራት ጀመረ። ታጅ ማሃል ማለት እሱ ነው። ይህን ግቢው ውስጥ ቆማችሁ ንገሩት፣ ከዚያ ቤት ገብታችሁ መጽሐፉን ግለጡ። (መጻሕፍቱ የሚጠቀሙት የአውሮፓን አቆጣጠር ስለሆነ ልዩነቱን ቀድማችሁ አስረዱት፣ አለዚያ ትምህርት ቤት ከሚማረው ጋር ይጋጭበታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ በአማርኛ እንደ ልብ አይገኝም። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ። ካልሆነም ትልልቅ ሙዚየሞች ኢንተርኔት ላይ ያወጧቸውን የህንድ ቤተ መንግሥት ሥዕሎች በከለር አሳትማችሁ ራሳችሁ መጠረዝ ትችላላችሁ። ዋናው ነገር አነባበቡ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን መስመር በመስመር አትተርጉሙ፣ ልጁ ወዲያው ይሰለቻል። ማታ ለብቻችሁ አንብቡት፣ በማግስቱ ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ "እዚህ ምን ይታይሃል?" በሉት። እሱ ያየውን ሲጨርስ ታሪኩን በራሳችሁ አማርኛ አውሩለት።

የእኛ ልጆች ሥዕል ማንበብ ያውቃሉ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳው ሁሉ ታሪክ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ ሠዓሊዎች ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሥላሉ። የሙጋል፣ ማለትም የእነ ሻህ ጃሃን ሥርወ መንግሥት ሠዓሊዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ንጉሡን ራሱን በጎን ነው የሚሥሉት። የእህቴ ልጅ የሻህ ጃሃንን አባት የንጉሥ ጃሃንጊርን ሥዕል ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው?" ብላ ነው። ቀጥላ ከራሱ ኋላ ያለውን የወርቅ ብርሃን አየችና ግራ ገባት። እንዲህ ስትጠይቅ አትቸኩሉ። እያንዳንዱ አገር የራሱ አሣሣል እንዳለው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አታገኙም።

ለትንንሾቹ እኔ የምመርጠው ታሪክ የሜዳ አህያዋን ነው። በ1621 ለጃሃንጊር ከኢትዮጵያ የመጣች የሜዳ አህያ በስጦታ ቀረበችለት። መስመሮቿ በቀለም የተቀቡ የመሰላቸው ነበሩ፣ ነገሩ ተጣርቶ ነው እውነት መሆኑ የታወቀው! ንጉሡም መንሱር የሚባለውን የቤተ መንግሥቱን ሠዓሊ አሣላት፣ ሥዕሉ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። አውጡና አሳዩአቸው፣ ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው።

ከስምንት ዓመት በላይ ላሉት ማሊክ አምባርን ንገሯቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ በባርነት ተሸጦ፣ ህንድ ደርሶ የጦር መሪ ሆነ፣ አህመድናጋር የሚባለውን የህንድ መንግሥት እንደ እንደራሴ እየመራ በ1626 እስኪሞት ድረስ የሙጋልን ጦር ሲያስቸግር ኖረ። ዛሬም ድረስ ያለች ከተማ ቆርቁሯል። ባርነቱን አትዝለሉት። ልጁ "ማን ሸጠው?" ማለቱ አይቀርም፣ እናንተም በአቅሙ መልሱለት።

የሚከብደው የሥልጣን ሽኩቻው ነው። አውራንግዜብ በ1658 አባቱን ሻህ ጃሃንን አግራ ምሽግ ውስጥ አሠረው፣ አባትየው ከስምንት ዓመት በኋላ እዚያው ሞተ። የልጆች መጻሕፍት ይህን አለስልሰው ያልፉታል። እኔ ግን ወህኒ አምባን አነሣላቸዋለሁ። የእኛም ነገሥታት ዙፋን እንዳይቀሟቸው የገዛ ዘመዶቻቸውን እዚያ ተራራ ላይ ያስቀምጡ ነበርና። እንዲህ ሲሰሙት ልጆቹ ህንዶቹን ብቻ ጨካኝ አድርገው አይወስዱም። አፄ ፋሲል ራሳቸው ወደ አውራንግዜብ መልእክተኞች መላካቸውንም ጨምሩበት።

እነዚህ መጻሕፍት ተረቱንና ታሪኩን ቀላቅለው ነው የሚያቀርቡት። ሻህ ጃሃን የታጅ ማሃልን ሠራተኞች እጅ አስቆረጠ የሚባለው ማስረጃ የለውም፣ ልጆች ግን የሚይዙት እሱን ነው። ስለዚህ ገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ "የተረጋገጠ" ወይም "የሚባል" ብላችሁ ጻፉ፣ ልጁ ሲለምደው ራሱ ይጽፋል።

ንግሥት የሌለበት መጽሐፍ ብቻ አትግዙ። እቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም ያወቀች ልጅ እንግሊዞችን ስትዋጋ በ1858 የወደቀችውን ጃንሲ የምትባለውን የህንድ ግዛት ንግሥት ላክሽሚባይን በደንብ ትረዳታለች። ያኔ አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ካርታ ዘርጉና ቦምቤይን (የዛሬዋን ሙምባይን) አሳዩ፣ በ1868 መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ተነሥቶ ነው የመጣው፣ ብዙ ህንዳውያን ወታደሮችም ነበሩበት። እዚህ ላይ ጥያቄ ይበዛል፣ አንድ ምሽት አይበቃችሁም።