የጎረቤት ድመት ጓሮን መጸዳጃ ስታደርገው፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቅዳሜ ጠዋት ለምሳ የሚሆን ቆስጣ ልቀነጥስ ጎንበስ ብዬ ያሳረፍኩት እጄ ያገኘው አፈር ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ከጎረቤት ድመቶች ጋር ስሟገት ኖሬአለሁ። አዲስ አበባ ያለችው ጓሮአችን አራት መደብ ብቻ ናት፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ። ከአጥሩ ማዶ ግን በግራም በቀኝም ድመት የሌለው ቤት የለም። ከዚህ በታች የማሰፍረው ሞክሬ የሠራልኝን፣ ሞክሬ ያሳፈረኝንና የእንስሳት ሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ችግሩ በየቤቱ መልኩ ስለሚለያይ መጀመሪያ የራሳችሁን ምልክት ፈልጉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተወሰደ መፍትሄ እኔን ሩብ ኪሎ ሚጥሚጣ አስከስሮኛል።

በእርግጥ ድመት ናት?

ጎረቤት ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት አጥፊውን መለየት ይገባል። ድመት ትጭራለች፣ ትጸዳዳለች፣ መልሳ ትሸፍናለች፤ በጉድጓዱ ዙሪያ የጥፍሯ መስመር ይታያል። ውሻ አይሸፍንም፤ ቢበዛ በኋላ እግሩ አፈር በትኖ ይሄዳል። ከተማ ዳር፣ ጫካ አጠገብ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጥርኝም ሊሆን ይችላል። ጥርኝ ዘወትር ወደ አንድ ቦታ እየተመላለሰ ሳይሸፍን ይከምራል፤ ክምሩም ውስጥ የበላው ፍራፍሬ ዘር አይጠፋም። ካጠራጠራችሁ ማታ አፈሩን በእጃችሁ ደልድላችሁ ጥቂት ውሃ እፍ እፍ አድርጉበትና ጠዋት ዱካውን ተመልከቱ። ድመት ስትራመድ ጥፍሯን ስለምትሰበስብ የሚታተመው አራት ጣትና መዳፍ ብቻ ነው፤ የውሻ ዱካ ላይ የጥፍር ነጥብ አለ።

ምልክት፦ መደቡ በየማለዳው ተጭሮ፣ ችግኙ ተነቅሎ ይገኛል

ዋናው ችግር ይህ ነው። ምክንያቱን ስረዳ ግን አፈርኩ፤ ጋባዡ ራሴ ነበርኩ። የቤት ድመት የዘር ሐረጓ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ይመዘዛል። የደረቅ አገር እንስሳ ስለሆነች ለመጸዳዳት የምትመርጠው ደረቅ፣ ልል፣ በቀላሉ የሚጫር አፈር ነው። አትክልተኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚደክመው ይህንኑ ለመፍጠር ነው፤ ይኮተኩታል፣ ጓሉን ይፈረካክሳል፣ ብስባሽ ይጨምራል፣ ያለሰልሳል። የጎረቤቶቻችን ግቢ በሙሉ ሲሚንቶ ነው። አጥር ላይ ቆማ ወደ እኛ ለምታይ ድመት በሰፈሩ ያለው ለስላሳ አፈር የእኛ መደብ ብቻ ነበር።

ይባስ ብዬ አመድ እነሰንስበት ነበር። እናቴ የጎመን ቅማል ለማባረር የምታደርገው ነውና እኔም ቀጠልኩበት። አመድ ግን ለድመት ከአሸዋ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ ለድመቷ አመድ ስታነጥፍ የኖረች አንዲት ሴት ቤቱ በጥቁር ዱካ ሲሞላባት ጎረቤቷን ኤድዋርድ ሎውን አሸዋ ትለምነዋለች። እሱ በአሸዋው ፋንታ ፈሳሽ የሚመጥ የደረቀ ሸክላ አፈር ይሰጣታል። ዛሬ በየአገሩ በከረጢት የሚሸጠው የድመት መጸዳጃ አፈር መነሻው ያ ነው። ስለዚህ ጎመን ላይ አመድ የምትነሰንሱ ከሆነ ቅጠሉ ላይ ብቻ ይሁን፤ መሬቱ ላይ አታንጥፉት። ሰጋቱራም እንዲሁ ነው።

መፍትሄው የተራቆተ ለስላሳ አፈር አለመተው ነው። ከሁሉ የተሻለው የዶሮ ቤት የሚታጠርበት ቀጭን የሽቦ መረብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መደቡ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ታነጥፉታላችሁ፤ ዳር ዳሩን ጫፉ በታጠፈ ሽቦ መሬት ላይ ትወጉታላችሁ፤ ችግኙ በቀዳዳው መሃል ያድጋል። እንደ ጥቅል ጎመን ላለ ግንዱ ለሚወፍር ተክል ቀዳዳውን በመቁረጫ አስፉለት፤ አለበለዚያ ስታነሡት ተክሉ አብሮ ይነቀላል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ባለቤቴ አሁንም ትስቅብኛለች። ድመቷ መረቡ ላይ መቆም ትችል ይሆናል፤ መጫር ግን አትችልም፤ ካልጫረች ደግሞ ቦታው አይጥማትም።

ሽቦ የሚወደድበት ሰው እንጨት ይጠቀም። ከአጥር የተቆረጠ የቀጋ ወይም የቡገንቪላ እሾሃማ ቅርንጫፍ በተክሎቹ መሃል ማጋደም ይበቃል። የቀርከሃ ስንጣሪ ካለ በየስንዝሩ ቀጥ አድርጎ መትከል ይቻላል። ድመት ከመቀመጧ በፊት ዞር ዞር ማለት ትወዳለች፤ መዞሪያ ካጣች ትታው ትሄዳለች። አዲስ ዘር የተዘራበት መደብ ግን ያለ መረብ አይታደርበትም፤ ቡቃያው አንድ ስንዝር እስኪሆን አትመኑት። ማታ ማታ ውሃ ማጠጣትም ይረዳል፤ እርጥብ አፈር አትወድም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህን መምከር ቀልድ ስለሚመስል እኛ አትክልት ያጠብንበትን ውሃ እያጠራቀምን እንረጫለን። በክረምት መሬቱ ስለሚረጥብ መደቡ ያርፋል፤ ድመቷ ግን አትጠፋም፤ ከጣሪያ ጠፈፍ ሥር ወዳለው ደረቅ መሬት ወይም ወደ ከሰል ቤት ትዛወራለች።

ምልክት፦ የአሸዋ ክምሩ ይሸታል

ግንባታ ላይ ያለ ግቢ ሁሉ ያውቀዋል። ለክፍል መጨመሪያ የተገለበጠ አሸዋ ወራት ሲቀመጥ የሰፈሩ ድመቶች የጋራ ንብረት ይሆናል፤ በዚያው ላይ ልጆች ይጫወቱበታል። ይህን አትታገሡ። በሸራ ወይም በወፍራም ላስቲክ ሸፍናችሁ ዳሩን በብሎኬት ያዙት፤ ለሥራ ስትገልጡት ብቻ ይከፈት። ልጆች መጫወቻ ከፈለጉ ለብቻው፣ ክዳን ባለው ሳጥን አሸዋ አስቀምጡላቸው።

ምልክት፦ ምንም አይታይም፣ ግን በሩ አጠገብ ይከረፋል

ይህ መጸዳዳት አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ጭራውን ቀጥ አድርጎ እያርገፈገፈ ግድግዳ፣ በርና የመኪና ጎማ ላይ ሽንቱን ይረጫል፤ ለሌሎች ወንዶች «ሰፈሩ የእኔ ነው» ማለቱ ነው። እዚህ ላይ መረብም እሾህም አይሠራም። ማኮላሸት ነው መፍትሄው፤ አብዛኞቹ ወንዶች ከተኮላሹ በኋላ መርጨቱን ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠሩት የተለመደ ቀዶ ሕክምና ነው። ባለቤቱ እናንተ ስላልሆናችሁ ግን መንገዱ በጎረቤት በኩል ያልፋል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የተረጨበትን ቦታ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ ከዚያ በውሃ በተበረዘ ኮምጣጤ ድገሙት። በረኪና አትጠቀሙ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ ስላለ በረኪና ሲነካው ለሳንባ የማይበጅ ጋዝ ያወጣል።

ምልክት፦ ሁሉን አደረግሁ፣ እሷ ግን ተመልሳ መጣች

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የተባለው ስለ አይጥ ይመስለኛል፤ ለመጸዳጃዋም ይሠራል። የምታስታውሰው በአፍንጫዋ ነው። ሽታው ያለበትን አፈር ላዩን ብቻ መጥረግ አይበቃም፤ አንድ ስንዝር ያህል በአካፋ ዛቁና አውጡት፣ ከዚያ ሸፍኑ። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ለሁለት ሦስት ቀን ያርቃታል፤ ሲደርቅ ምንም አይደለም። ጤና አዳም ታባርራለች ሲባል ሰምቼ ዙሪያውን ተከልኩ፤ ድመቷ ሥሯ ተኝታ ፀሐይ ስትሞቅ ካየሁ ወዲህ ለቡና ብቻ እጠቀምባታለሁ።

ሌላው የመመለሻዋ ምክንያት ምግብ ነው። ክዳን የሌለው የቆሻሻ ባልዲ፣ ለውሻ የተተወ ፍርፋሪ ወይም እህል ቤት ውስጥ የሚንጎዳጎድ አይጥ ካለ ድመቷ ለመጸዳዳት ሳይሆን ለመብላት ነው የምትመጣው፤ ሌላው ከዚያ ይከተላል። አይጡ ካለ እኔ በግሌ ድመቷን ባላባርራት እመርጣለሁ።

የማይደረጉ ነገሮች

ሚጥሚጣውን ልናዘዝ። ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ ታጥቦ ሄደ፤ ከዚያ በፊት ግን ድመቷ መዳፏን ልሳ ዓይኗን ስታሽ አየኋት፤ በማግስቱ ደግሞ የአራት ዓመት ልጄ እየጮኸች መጣች። ናፍታሌን ለድመትም ለልጅም መርዝ ነው፤ አፈር ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። የአይጥ መርዝ በምግብ ለውሶ መጣል ደግሞ ስሙ መፍትሄ አይደለም፤ የጎረቤት ድመት ትሞታለች፣ ውሻ ይበላዋል፣ ዶሮ ይለቅመዋል፣ ጉርብትናውም አብሮ ይቀበራል።

ስለ ጤና

ለላም እበት፣ ለፈረስ ፋንድያ፣ ለበግና ለፍየል በጠጥ፣ ለዶሮ ኩስ የሚል ስም ያወጣ ቋንቋችን ለድመት ለብቻው ያበጀላትን ስም አላውቅም። የተሰየሙት ማሳ ላይ ስለሚውሉ ወይም ስለሚነዱ ይሆናል። የድመት ሰገራ ማዳበሪያ አይደለምና ለአትክልት በሚሆን ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩት።

ዋናው ሥጋት ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በመጀመሪያ የተያዘች ድመት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል በሰገራዋ ታወጣዋለች፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የሚያጽናናው፣ ትኩሱ ሰገራ ወዲያው አያስይዝም፤ ተሕዋሱ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ያልያዛት ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ወቅት ከተያዘች ጽንሱን ሊጎዳ ስለሚችል አፈሩን ሌላ ሰው ይኮትኩት፤ ግድ ከሆነ በጓንት። የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችም እንዲሁ ይጠንቀቁ። ሰላጣን በሚወርድ ውሃ ቅጠል በቅጠል እጠቡ፤ ይህን ተሕዋስ በረኪናም ኮምጣጤም በደንብ አይገድሉትም፤ እሳት ግን ይገድለዋል። ለፍትሕ ያህል፣ ያው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋል፤ ክትፎ እየጎረሱ ድመት መክሰስ አይሆንም።

አፈር አፋቸው ውስጥ የሚያስገቡ ሕፃናት ደግሞ የድመት ወስፋት እንቁላል ሊውጡ ይችላሉ። እንቁላሉ ለመብሰል ሳምንታት ስለሚወስድበት እዚህም ቶሎ ማንሳትና እጅ መታጠብ ነው ነገሩ። ድመት ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

ከጎረቤት ጋር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ግን ለሦስት እግር ቆስጣ ክስ የሚመሠርት ሰው በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ማን አብሮት እንደሚተክል ያስብበት። እኔ የሄድኩት ትኩስ አምባሻ ይዤ፣ ቡና ሲፈላ ነው፤ ሰገራውን በፌስታል ይዞ መሄድ ያስቡ ለነበሩት ለአንድ የሰፈራችን ሰው ይህን ብመክራቸው ደስ ይለኛል።

«እትዬ፣ ውሮ ደህና ናት?» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን ትሆናለች ብለህ! ሌሊት ሌሊት የት እንደምታድር እንጃላት።»

«እኛ ጋ ነው የምታድረው። መደባችንን መጸዳጃ አድርጋዋለች።»

ሳቁ፣ ከዚያም ደነገጡ። «ውይ፣ ልጆቹ የሚበሉትን! እኔ ምን ላድርጋት እንግዲህ፣ ታስራ አትኖር።»

የተዘጋጀሁት ለዚህ ጥያቄ ነበር፤ ሰው «ድመትህን ያዝ» ሲባል ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ሁለት ነገር ለመንኳቸው። አንደኛ፣ ውሮ እንድትመክን፤ የሐኪሙን ዋጋ በግማሽ እንካፈላለን። እሷ እየረገዘች ዘጠኝ ሳምንት በቆየች ቁጥር በአጥሩ ላይ የሚሰለፉት ድመቶች ይጨምራሉና ይህ ለእኔም ቁጠባ ነው። ሁለተኛ፣ በእሳቸው ግቢ ደረቅ አሸዋ ያለበት አንድ ጥግ እንዲተዉላት፤ መሄጃ ያላት ድመት የሰው መደብ አትጭርም።

የመጀመሪያውን ተቀበሉ። ለሁለተኛው ግን ግቢያቸው በሙሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ጥጉን እኛ ሰጠን፤ ከአጥሩ ሥር፣ ከአትክልቱ ርቆ፣ አሮጌ የእንጨት ሳጥን ቀብረን አሸዋ ሞላንበት። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አሁን ጠዋት ጠዋት እዚያ ጉዳይዋን ትጨርሳለች፣ እኔ በአካፋ አነሳለሁ፤ እትዬም የልጃቸው ቤት ሲሠራ ከተረፈው አሸዋ በየወሩ አንድ ጆንያ በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል።