ለክሊኒኮች በነፍስ ወከፍ ሲከፈል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሠራሩ ቀላል ነው። ክሊኒኩ በእያንዳንዱ ምርመራ ልክ አይከፈለውም። በስሩ ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ ሰው በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ያገኛል፤ ሰውየው መጣም ቀረም። ይህን አከፋፈል እወደዋለሁ። ሐኪሙ ታካሚው ሳይብስበት እንዲያስብለት ፋታ ይሰጠዋል። ግን በአያያዝ ይበላሻል።

ለሁሉም ሰው እኩል መክፈል። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አንድ የ24 ዓመት ወጣት አስቡ፤ ክሊኒክ የሚረግጠው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። አሁን ደግሞ ስኳርም ግፊትም ያለባቸውን የ70 ዓመት እናት አስቡ። በመጡ ቁጥር ጫማቸው ወልቆ እግራቸው ይታያል። ከቦርሳቸው የሚያወጡት መድኃኒት አንድ በአንድ ይለያል። ጆሯቸው ስለከበደ ሁሉም ነገር ሁለቴ ይነገራቸዋል። ለሁለቱም ያው ገንዘብ ከተከፈለ፣ ክሊኒኩን «ጤነኛውን ያዝ፣ በሽተኛዋን ሽሽ» እያልነው ነው። ስለዚህ ክፍያው እንደ እድሜውና እንደ ሕመሙ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እድሜን፣ ጾታንና የአካባቢውን የጤና ሁኔታ በሚያስገባ ቀመር ትሠራለች። እሱም ቢሆን የድሃ ሰፈሮችን ችግር በቅጡ አያይም እየተባለ ይወቀሳል።

ሁሉንም ነገር በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ መጠቅለል። ቁስል መስፋት ጊዜና ዕቃ ይፈጃል። ለብቻው ካልተከፈለበት፣ ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል መሸኘቱ ይቀላል። የሚንከራተተው ታካሚው ነው። ዴንማርክ ከፊሉን በነፍስ ወከፍ፣ ከፊሉን በተሠራው ሥራ ልክ ትከፍላለች። እኔም የማደላው ለዚህ ድብልቅ ነው።

ክፍያውን ቀይሮ በድሮው ሚዛን መለካት። ነርሷ ስልክ ደውላ «እማማ፣ የግፊት መድኃኒትዎ አላለቀም?» ብላ ትጠይቃለች። በዚያች ጥሪ አንድ ሰው ከስትሮክ ሊተርፍ ይችላል። አለቃው ግን ዛሬም «ስንት ሰው ታየ?» እያለ ከጠየቀ፣ ነርሷ ስልኩን ትታ ወረፋውን ማሯሯጥ ትጀምራለች። መጠየቅ ያለበት የስንቱ ሰው ግፊት ተስተካከለ፣ የስንቱ ልጅ ክትባት ተሟላ የሚለው ነው።

መዝገቡን አለማጥራት። የሞተና ከአካባቢው የለቀቀ ሰው ስም ካልተሰረዘ ለሌለ ሰው ይከፈላል።

የትንሽ ክሊኒክን አቅም አለማየት። የላብራቶሪና የመድኃኒት ወጪም በክፍያው ውስጥ ከተካተተ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የተመዘገበበትን ክሊኒክ ሁለት ሦስት ጽኑ ሕሙማን ያናጉታል። እንዲህ ያለውን ወጪ ለይቶ ማውጣት ይሻላል።

ሰዉን ሳያስረዱ መጀመር። ጋና እ.ኤ.አ. በ2012 አሠራሩን በአሻንቲ ክልል ብቻ ሞከረች። ብዙ ነዋሪዎች «ለምን እኛ ብቻ?» አሉ። ሐኪሞችም ክፍያው አይበቃም ብለው ተቃወሙ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2017 ቆመ። ሰው ለአንድ ክሊኒክ ሲመዘገብ ምን እንደሚያገኝ፣ ካልተመቸው እንዴት እንደሚቀይር ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሊነገረው ይገባል።