ለየዕለቱ ፊልም ስንመድብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስንክሳር ሲነበብ እየሰማ ላደገ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን ታሪክ መመደብ እንግዳ ነገር አይደለም። እኔም ይህንኑ ልማድ ወደ ሲኒማ ወስጄ፣ ለዓመቱ ቀናት ሁሉ ፊልም የምጽፍበት አንድ ወፍራም ደብተር አለኝ። ወዳጆች ቤቴ ሲሰበሰቡ ደብተሩ ይገለጥና የዕለቱ ፊልም ይታያል። ገጾቹ ግን ስርዝ ድልዝ የበዛባቸው ናቸው። አብዛኛው ስርዝ የመጣው ከጥቂት ስህተቶች ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ለመጀመር ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቢያውቃቸው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች በአንድ ቋሚ ሠንጠረዥ ማመሳከር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ፣ ከግራን ካፌ ሥር በሚገኝ አዳራሽ፣ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች 10 አጫጭር ፊልሞችን አሳዩ። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ነው፤ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት። ዓድዋ በዚያው ዓመት የካቲት መሆኑን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ በአንድ የእኛ ዓመት ውስጥ ሲኒማ ለሕዝብ ታየ፣ ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ ደግሞ ዓድዋ ላይ ድል ተገኘ።

በ2016 ዓ.ም. ይህን ዕለት ለማሰብ ወዳጆቼን ጠራሁ። ለአንዳንዶቹ «በፈረንጆቹ 28»፣ ለሌሎቹ «የገብርኤል ዕለት» አልኳቸው። ሐሙስ ማታ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጥሬ፣ ጾመ ነቢያት ስለነበረ ቆሎና ሻይ አቅርቤ ብጠብቅ የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለአንዱ ብደውል «ገብርኤል እኮ ነገ ነው፣ ምን ነካህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ ከመስከረም 2016 እስከ የካቲት 21 ድረስ የሁለቱ አቆጣጠሮች መገናኛ በአንድ ቀን ተንሸራትቷል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለውም በዚህችው ጳጉሜን 6 ምክንያት ነው።

ይኸው ነገር ወደ ኋላ ሲኬድ ሌላ መልክ ይይዛል። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው፤ ምክንያቱም በእነሱ አቆጣጠር 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም። የውጭ አገር ጽሑፍ አይቶ የኃይሌ ገሪማን የዓድዋ ዘጋቢ ፊልም ማርች 1 ላይ የሚመድብ ሰው በዓሉን በዋዜማው ያከብራል። እኔ የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው፤ በአገራችን የሆነው በእኛ አቆጣጠር ይመዘገባል፣ በውጭ የሆነው በዚያው አገር አቆጣጠር ይጻፍና በየዓመቱ እንደገና ይሰላል።

ርዕሱን አይቶ ቀን መስጠት

የሰርጌይ አይዘንስታይን «ጥቅምት» የተሰኘው፣ የሩሲያን አብዮት የሚተርከው የእ.ኤ.አ. 1928 ፊልም ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ሰው ርዕሱን ያይና ኦክቶበር 25 ላይ ያስቀምጠዋል። አብዮቱ የተካሄደበት ያ ቀን ግን ሩሲያ በጊዜው ትጠቀምበት በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር ነው፤ በአዲሱ ኖቬምበር 7 ይሆናል። አውሮፓውያን የጥቅምትን አብዮት በኖቬምበር ሲያከብሩ ሁልጊዜ ማብራራት ነበረባቸው። ለእኛ ግን ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ጥቅምት 28 ቀን 1910 ነው። በደርግ ዘመን «ታላቁ የጥቅምት ሶሻሊስት አብዮት» ሲባል በእርግጥም ወሩ ጥቅምት ነበር! ይህን ያገኘሁ ቀን ደብተሬን ይዤ ከቤተሰቡ አባል አንድ ሳላስቀር አስረድቻለሁ።

የወጣበትን ቀን ከታሪኩ ቀን ማስበለጥ

አንድ ፊልም መጀመሪያ የታየበት ቀን አንድ ብቻ አይደለም። «ካዛብላንካ» በኒው ዮርክ የታየው ኖቬምበር 26 ቀን 1942 ሲሆን፣ በመላ አሜሪካ የወጣው በጃንዋሪ 1943 ነው። የቱን ትመርጣለህ? እኔ ሁለቱንም ትቻቸዋለሁ። የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸመው በዲሴምበር 1941 ነው፤ አሜሪካ ገና ከጦርነቱ ውጭ ናት፣ ባለ መሸታ ቤቱ ሪክም ለማንም ወገን ላለመቆም ይታገላል። ስለዚህ በፐርል ሃርበር ዋዜማ፣ ዲሴምበር 6፣ አየዋለሁ። ያን ጊዜ የሪክ ማመንታት የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የአንድ አገር ማመንታት ሆኖ ይታየኛል። «ግራውንድሆግ ዴይ» የመሰለው ደግሞ ምንም አያስቸግርም፤ ታሪኩ ራሱ ፌብሩዋሪ 2 ነው።

ሲዘዋወር የቆየን ወሬ ማመን

«ወደ ወደፊቱ መመለስ» በተባለው ፊልም ሁለተኛ ክፍል ባለታሪኮቹ የሚደርሱበት ቀን ኦክቶበር 21 ቀን 2015 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን በፊልሙ በዘመን የምትጓዘው መኪና ሰሌዳ ላይ ያለው ቀን የተቀየረባቸው ምስሎች «ቀኑ ዛሬ ነው» እየተባለ ተሰራጭተዋል። ምስል ሳይሆን ፊልሙን ከፍቶ ማየት ነው የሚበጀው። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ወደ ላ ሲዮታ ጣቢያ የሚገባውን የሉሚዬሮችን ባቡር ለዓመታት ታኅሣሥ 19 ላይ ጽፌው ነበር፤ በዚያች ማታ ከታዩት 10 ፊልሞች መካከል ግን አልነበረበትም። ያን ዕለት የታየው ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳየው ነው።

ተንቀሳቃሽ በዓላትን በቋሚ ቀን ማሰር

ለፋሲካና ለዒድ ፊልሞች ለብቻ ገጽ ይያዝላቸው። ከዚህ የበለጠ የሚባል የለም።

ያልታወቁ ፊልሞችን ለክፍት ቦታ መሙያ ማድረግ

ይህ ያሳዝነኛል። ታዋቂዎቹ በዓላቱን ይይዛሉ፣ የተረሱት ደግሞ በተረፈው ማክሰኞና ረቡዕ ይበተናሉ። የተረሳ ፊልም ከማንም ይልቅ ጠንካራ ቀን ያስፈልገዋል፤ ሰው ለማየት የሚቀመጠው ለምን ዛሬ እንደሆነ ሲነገረው ነውና። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጥቁርና ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በባለርስት መሬት ላይ የሚደክም የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ኑሮን ያሳያል። ዝም ብዬ ሳቀርበው ተመልካች ግማሹ ላይ ይነሣብኝ ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በታወጀበት በየካቲት 25 ሳሳየው ግን አንድ ሰው አልተነሣም። ከተመልካቾቹ መካከል ጭሰኛ የነበሩ አባት ያሏቸው ነበሩና፣ ከፊልሙ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ጨዋታው አላለቀም።

ጳጉሜንን መዝለል

ከውጭ የተቀዱ ዝርዝሮች 12 ወር ብቻ ስላላቸው አምስቱ ቀናት ባዶ ይቀራሉ። ወሯ አጭር ስለሆነች እኔ አጫጭር ፊልሞችን እመድብላታለሁ። ጳጉሜን 6 ለብዙ ጊዜ ክፍት ነበረች፤ በአራት ዓመት አንዴ ለምትመጣ ቀን ምን ይመረጣል? በመጨረሻ ከታኅሣሥ 19 የሰረዝኩትን፣ ደቂቃ የማይሞላውን ባቡር ሰጠኋት። በ2019 ማብቂያ ላይ አንሶላው ተወጥሮ ይጠብቃል።